ዘጌ፣ ዘንገና ወይስ ጮቄ? ጎጃምን በየወቅቱ ለሚያይ ሰው

እንቁጣጣሽ ባለፈ በሳምንቱ ስልኬ መጮህ ይጀምራል። አዲስ አበባ ያሉ ጓደኞቼ ናቸው። ጥያቄያቸው ሁሌ አንድ ነው፦ «ሦስት ቀን ፈቃድ አለኝ። ሐይቅና ጫካ አምሮኛል። ጎጃም የት ልሂድ?»

እኔም መልሼ እጠይቃለሁ፦ «የቱን ወር ነው የምትመጣው?»

ለማካበድ አይደለም። የዛሬ ጥቂት ዓመት አንድ ወዳጄ ሚያዝያ ላይ መጣ። ጢስ ዓባይን ሳላይ አልመለስም አለ። «አሁን ጊዜው አይደለም» ብለው አልሰማኝም። ከባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ገደማ አቧራ ጠጥተን ደረስን። ገደሉ ላይ አንድ ቀጭን ነጭ ክር ተንጠልጥሏል። ወዳጄ አንዴ ገደሉን፣ አንዴ እኔን አየና «ፏፏቴውስ?» አለኝ።

ፏፏቴው እሱ ነበር። ውኃው ለኤሌክትሪክ ይጠለፋል። በ2002 ዓ.ም. የጣና በለስ ማመንጫ ሥራ ከጀመረ ወዲህ ደግሞ ብዙው የጣና ውኃ በዋሻ ወደ በለስ ይሄዳል። በበጋ ለጢስ ዓባይ የሚተርፈው ፍርፋሪ ነው። ያንኑ ቦታ መስከረም ላይ ብታዩት ጩኸቱ ቀድሟችሁ ይመጣል። ጢሱ ልብስ ያረጥባል፤ ፀሐይ ከወጣች ቀስተ ደመናው ከሥር ይዘረጋል። ቦታው ያው አንድ ነው፤ ወሩ ነው የለየው።

ስለዚህ እዚህ የማወዳድረው ቦታውን ከነወሩ ነው። ባሕር ዳር ነው የምኖረው፤ እናቴ የዳንግላ ሰው ናት። አድልዎ ቢታይብኝ ከዚያ ነው።

ወሮቹን እንዴት እንቁጠር

ጸደይ የቱ ነው፣ መጸው የቱ ነው የሚለውን ክርክር አልነካውም፤ እሱ ብቻውን አንድ ጽሑፍ ይበላል። ለመንገደኛ የሚበቃው ይህ ነው። ከሰኔ አጋማሽ እስከ መስከረም መጀመሪያ ክረምት ነው፤ ሐምሌና ነሐሴ ዋናዎቹ ናቸው። ከመስከረም አጋማሽ እስከ ኅዳር ጥቢ ነው፤ ሰማዩ ይጠራል፣ መሬቱ ገና አረንጓዴ ነው። ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ቀኑ ፀሐይ፣ ሌሊቱ ብርድ ነው። ከመጋቢት እስከ ግንቦት ሙቀትና አቧራ፣ አልፎ አልፎ ዝናብ።

እንጅባራ ይህን ሕግ አታከብርም። እዚያ ዝናቡ ቀድሞ ይገባል፣ ዘግይቶ ይወጣል። ባሕር ዳር ፀሐይ ነው ብላችሁ ጃንጥላ ትታችሁ እንዳትሄዱ። እኔ ጥቅምት ላይ ሹራብ ሳልይዝ ሄጄ፣ አንድ ሻይ ቤት ውስጥ ከሰል ምድጃ ታቅፌ የዋልኩ ሰው ነኝ።

ጣናና ዘጌ

ከጎጃም ውኃ ሁሉ ስሙ የገነነው ጣና ነው። ሦስት ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር ያለፈ ስፋት አለው። ጥልቀቱ ግን በጣም ጥልቅ በሚባለው ቦታ እንኳ 15 ሜትር አይሞላም። ሰሜኑና ምሥራቁ ወደ ጎንደር ነው፤ እኛ የምናወራው የደቡቡን ነው፤ ባሕር ዳርን፣ ደብረ ማርያምን፣ ዘጌን።

ዘጌ ወደ ሐይቁ የገባ ልሳነ ምድር ነው። ከባሕር ዳር በጀልባ አንድ ሰዓት ያህል ይወስዳል፤ በመኪናም አፋፍ እስከምትባለው ከተማ ድረስ ይኬዳል። ዘጌን ከሌላው ጎጃም የሚለየው አንድ ነገር ነው፤ በሬ አይጠመድበትም። በአካባቢው ሲነገር የኖረው አቡነ በትረ ማርያም መሬቱ እንዳይታረስ አዝዘዋል ተብሎ ነው። ሕዝቡም ትእዛዙን ጠብቆ ኖረ፤ ጫካውም ተረፈ። ከትልልቁ ዛፍ ሥር ቡና ነው። ኡራ ኪዳነ ምሕረት፣ አዝዋ ማርያም፣ በትረ ማርያም የሚባሉት አብያተ ክርስቲያናት በዚህ ቡና መሐል ተሰውረው ይገኛሉ። የኡራን የግድግዳ ሥዕል ለማየት ብቻ የሚመጣ ሰው አለ፤ አይቆጨውም።

ዘጌን መቼ? የእኔ ምርጫ ኅዳር ነው። ክረምቱ የሞላው ሐይቅ ገና አልጎደለም። የውኃው ከፍታ ጣሪያ የሚደርሰው መስከረምና ጥቅምት ላይ ነው፤ የሚወርደው ደግሞ ሰኔ አካባቢ፣ ዝናቡ ሊገባ ሲል። በኅዳር ጭቃው ደርቋል፣ ጫካው አልደረቀም፣ ቡናው ቀልቷል።

አንድ ኅዳር ከአፋፍ ወደ ኡራ በእግሬ ስሄድ አንዲት እናት ደጃቸው ላይ ቡና አስጥተዋል። ከሰሌኑ ዳር ተንበርክከው ቀዩን ከአረንጓዴው ይለያሉ። «እማማ፣ እንዴት ዋሉ?» አልኳቸው። «ይመስገን፤ አንቺስ ምነው በዚህ ፀሐይ?» ብለው አንድ ቀይ ፍሬ መዳፌ ላይ ጣል አደረጉልኝ። ልጣጩን ነክሼ ማር ማር አለኝ። ሃያ ዓመት ቡና ስጠጣ ፍሬው እንደሚጣፍጥ አላውቅም ነበር። ሳቁብኝ። «ከተማ አመሉ ነው» አሉ።

ይህን በየካቲት አታገኙትም። በየካቲት ቡናው ተለቅሞ አልቋል፣ መንገዱም አቧራ ይሆናል። ለወፍ የሚመጣ ሰው ግን ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ይምጣ። ከአውሮፓ ብርድ ሸሽተው የሚመጡት ወፎች በብዛት ጣና ዙሪያ የሚከርሙት ያኔ ነው። በተለይ ረጃጅም እግር ያላቸው ግራጫዎቹ፣ በመንጋ ሆነው የታጨደ ማሳ ላይ ሲያርፉ ሜዳው የተንቀሳቀሰ ይመስላል። ዓባይ ከሐይቁ የሚወጣበት ላይ ጉማሬ ማየትም ውኃው ሲጎድል ይቀላል።

ስለ ሚያዝያና ግንቦት ብዙ ሰው ክፉ ያወራል። እውነት አለው። ቀትር ላይ ሙቀቱ 30 ዲግሪ ይነካል፤ ከዘንባባ ጥላ መውጣት ያስጠላል። ነገር ግን የመጀመሪያው ዝናብ ከጣለ በኋላ የዘጌ ቡና ያብባል። ነጭ አበባ ነው፤ ቆይታው ጥቂት ቀን ነው፤ ሽታው ጀልባው ሳይቆም ይቀበላችኋል። ዕድል ነው፤ ቀኑን አስልቶ መምጣት አይቻልም። ባሕር ዳር ዘመድ ያለው ሰው ግን በስልክ «አበበ ወይ?» ማለት ይችላል።

ክረምት ላይ ዘጌን አልመክርም። ወንዞቹ አፈር ይዘው ስለሚገቡ ውኃው ይደፈርሳል። የጫካው መንገድ ሥርና ድንጋይ ነው፤ ሲርስ ሳሙና ይሆናል። ጉልበት የሚያማችሁ ከሆነ ጭራሽ አትሞክሩት።

ስለ ጀልባ አንድ ምክር አለኝ፤ በማንኛውም ወር ይሠራል። ጠዋት ውጡ። አንድ ሰዓት ላይ ሐይቁ መስታወት ነው። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ይነሣል፤ ጣና ጥልቀት ስለሌለው ማዕበሉ ቶሎ ይቆጣል። አንዴ አንድ ባለጀልባ «ምንም አይልም» ብሎ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አስነሣን። ሒሳቡንም ቀድሞ ተቀብሎናል። መመለሻው ላይ ውኃ በጣሳ እየቀዳን ነበር። ሕይወት ማዳኛ ጃኬት ስንጠይቀው የነበረው ሁለት፣ እኛ ስድስት። ስለዚህ ከመሳፈራችሁ በፊት ጃኬቱን ቁጠሩ፤ ሒሳቡን ግማሹን ስትመለሱ ክፈሉ።

ጣና ዳር አትዋኙ፤ ቢልሃርዝያ አለ። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ደግሞ የወባ ጊዜ ነው፤ አልጋ ስትይዙ አጎበር መኖሩን እዩ። እምቦጭን ለምትጠይቁኝ፣ አረሙ የባሰበት በሰሜንና በምሥራቅ በኩል ነው። በባሕር ዳርና በዘጌ መስመር ጉዞ የሚያሰናክል ሲሆን እኔ አልገጠመኝም።

ዘንገናና የአዊ ምድር

ጣና ሰፌድ ነው፣ ዘንገና እንስራ። የእሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ የተኛ ክብ ሐይቅ ነው። ከዳር እስከ ዳር አንድ ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው፤ ጥልቀቱ ግን ከ160 ሜትር በላይ ይባላል። ከፍታው 2,500 ሜትር ገደማ ነው። ከእንጅባራ ከተማ ቅርብ ነው፤ ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር አስፋልት ወርዶ ጥቂት ደቂቃ መራመድ ብቻ ነው። በባጃጅም ይኬዳል። ብዙ ሰው በአውቶብስ ሲያልፍ አያየውም፤ ዛፍ ይሸፍነዋል።

ዘንገናን የምወድበት ምክንያት ከወቅት ጋር ብዙ አለመጣላቱ ነው። ዙሪያው ጥቅጥቅ ያለ የሀገር በቀል ደን ነው፤ በበጋም አይራቆትም። የካቲት ላይ ሌላው ጎጃም የተላጨ ራስ ሲመስል ዘንገና እንደጠቆረ ነው። ስለዚህ ፈቃዳችሁ በማይመች ወር ላይ ከወደቀ መልሱ ብዙ ጊዜ ዘንገና ነው።

ከሁሉም ግን የማልረሳው ዘንገና የነሐሴው ነው። ጠዋት ነበር፤ ቡሄ ሊደርስ ነው፤ ከሩቅ የጅራፍ ጩኸት ይሰማል። ዳሩ ላይ ቆሜ ሐይቁን አጣሁት። እውነቴን ነው፤ ከፊቴ ጉም ብቻ ነው። አንድ እረኛ ልጅ ገሳ ደርቦ መጣና አጠገቤ ቆመ። ገሳ ለማታውቁ፣ ከሣር የሚጎነጎን የዝናብ ልብስ ነው፤ ከራስ እስከ ጉልበት ይሸፍናል። ልጁ ከሩቅ ሲታይ የቆመ ክምር ይመስላል። «ሐይቁ የታለ?» ስለው «ቆይ፣ አሁን ይነሣል» አለኝ። ጉሙን ማለቱ ነው። ቆምን። ሩብ ሰዓት ያህል። መጀመሪያ ከእግራችን ሥር ያለው ዛፍ ታየ፣ ቀጥሎ ጥቁር አረንጓዴ ውኃ በአንድ በኩል ብቻ፣ ከዚያ ሁሉም። ዝናቡ ገሳው ላይ ሲንጠባጠብ ድምፁ ሣር ቤት ውስጥ እንደተቀመጡ ነው። የእኔ የቻይና ዝናብ ልብስ ውስጤ ድረስ በስብሶ ነበር። በማግስቱ ገበያ ወጥቼ ገሳ ገዛሁ።

ምግብ በግልጽ አትያዙ። የዘንገና ጦጣዎች ሰው ለምደዋል። ሙዝ ከእጄ ሳይሆን ከቦርሳዬ ኪስ ውስጥ ዚፑን ከፍታ የወሰደችብኝ ጦጣ አለች። ሰዎች ለፎቶ ብለው ስለሚያበሏቸው ነው የባሰባቸው፤ እባካችሁ አታብሏቸው።

ወደ ባሕር ዳር የምትሄዱ ከሆነ በእንጅባራና በዳንግላ መካከል፣ አዲስ ቅዳም አካባቢ፣ ከመስኮት ውጭ እዩ። ያ ሁሉ ቀጥ ያለ ጫካ የተተከለ ነው፤ ዲከረንስ ይሉታል። ገበሬው ተክሎ፣ ቆርጦ፣ ከሰል አክስሎ ይሸጠዋል፤ ማሳውን መልሶ ያርሰዋል። ከዳር የተደረደረው ጆንያ ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ከሰል ነው። በቅርብ ዓመታት በሽታ ገብቶበት ብዙው ደርቋል። የእናቴ ዘመዶች ይህን ሲያወሩ ሰው እንደሞተባቸው ነው።

አዊ ላይ አንድ ቀን ብቻ ካላችሁና በጋ ከሆነ፣ ጥር 23ን አስቡ። የአዊ ፈረሰኞች ማኅበር በዓል ያኔ እንጅባራ ላይ ይከበራል። ፈረሱ በጌጥ አሸብርቆ፣ ፈረሰኛው ጋሻና ዘንግ ይዞ፣ የዐድዋ ዘማቾችና ፈረሶቻቸው ይታሰባሉ። ሐይቁ ዓመቱን ሙሉ አለ፤ ይህ ግን በዓመት አንዴ ነው። አልጋ ቀድማችሁ ያዙ፤ ያለዚያ ሰው ቤት ትለምናላችሁ።

ከእንጅባራ የቀርቀሃ በርጩማ መግዛትም አይከፋም። ፋንግና ዶንዶር የሚባሉት ፏፏቴዎች እዚያው አካባቢ ናቸው። እነሱ የመስከረምና የጥቅምት ናቸው፤ ከታኅሣሥ በኋላ ሰውነታቸው ይከሳል። ሌላው የአዊ የእሳተ ገሞራ ሐይቅ ጥርባ ነው፤ ዘንገናን አይቶ ለወደደና ጊዜ ለተረፈው።

ጮቄ

ጮቄን የምመርጥለት ሰው ሌላ ዓይነት ነው። እግሩን የሚያምን፣ ብርድ የማይፈራ፣ ሆቴል ባይኖር የማይነጫነጭ።

ከ4,000 ሜትር በላይ የሚወጣ ተራራ ነው። ከ270 በላይ ምንጮችና 60 ገደማ ወንዞች ይቆጠሩለታል፤ አብዛኞቹ ዓባይን የሚመግቡ ናቸው። ከደብረ ማርቆስ በሮብ ገበያና በድጎ ጽዮን አድርጎ ወደ ሞጣ የሚያወጣው መንገድ መሐል ለመሐል ይሰነጥቀዋል።

ግን ቁርጡን ልንገራችሁ። ጮቄ ላይ ጫካ ፍለጋ እንዳትሄዱ። እርሻው ወደ ላይ ወጥቶ ወጥቶ ደኑን ጨርሶታል። ላይኛው ክፍል ላይ የምታገኙት አስታና አምጃ የሚባሉ ቁጥቋጦዎች፣ ጓሳ ሣርና ጅብራ ነው። ጅብራ ለብቻው ጉዞ ያስኬዳል። ለብዙ ዓመት ቅጠሉን ዘርግቶ ይቆማል፤ አንድ ጊዜ ረጅም ምሰሶ የመሰለ አበባ ያወጣል፤ ከዚያ ይሞታል። ጉም ውስጥ ከሩቅ ሲታይ ጋቢ የለበሰ ሰው ቆሞ የሚጠብቃችሁ ይመስላል።

ጫካ ነው የፈለግሁት የሚል ሰው በጎጃም ሁለት ቦታ ነው የሚያገኘው፤ እንደ ዘጌና ዘንገና ባሉ ውኃ ዳሮች፣ ወይም በቤተ ክርስቲያን ዙሪያ። ከደብረ ማርቆስ ወደ ባሕር ዳር ስትሄዱ በእርሻ መሐል ክብ አረንጓዴ ነጥብ ባያችሁ ቁጥር እዚያ ታቦት አለ ማለት ነው።

የጮቄ ጊዜ አጭር ነው። ጥቅምትና ኅዳር መጀመሪያ። ከታች ኑጉ ቢጫ ሆኖ አብቧል፣ ጤፉ ሊያዘነብል ነው፤ ወደ ላይ ስትወጡ ገብስና ድንች፤ ከዚያ ጓሳ። በአንድ ቀን ሦስት አየር ትለብሳላችሁ። ከኅዳር መጨረሻ እስከ ጥር ሰማዩ ጥርት ይላል፣ ሌሊት ግን ውርጭ ይጥላል። ሁለት ብርድ ልብስ ደርቤ ካልሲዬን ሳላወልቅ አድሬአለሁ። በክረምት መንገዱ ይበላሻል፤ ጉሙም የራስን እጅ አያሳይም። ነሐሴ ላይ ጮቄ እሄዳለሁ የሚል ሰው ወይ ተመራማሪ ነው ወይ ፍቅር ይዞታል።

ሰከላ፣ በአጭሩ

ግሽ ዓባይ የዓባይ መነሻ ተብሎ የሚከበረው ምንጭ ነው። ፔድሮ ፓኤዝ የሚባለው የኢየሱሳውያን ካህን በ1600ዎቹ መጀመሪያ፣ ጄምስ ብሩስ ደግሞ በ1770 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ደርሰውበታል። ምንጩ ትንሽ ናት። «ዓባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል» የተባለለት ወንዝ እዚህ ጋ በጣሳ የሚቀዳ ነው። ለምዕመናን ጠበል ስለሆነ ከመድረሳችሁ በፊት አትብሉ፤ የበላ ሰው ወደ ምንጩ አይጠጋም። ይህን ሳያውቁ ቁርስ በልተው መጥተው ከአጥር ውጭ የቆሙ ሰዎች አይቻለሁ። ጉደራ ሐይቅም በዚሁ በሰከላ ወረዳ ነው።

ከጥሊሊ የሚገባው መንገድ በበጋ ደህና ነው። በክረምት እኔ የተሳፈርኩበት ሚኒባስ ጭቃ ውስጥ ተተክሎ ሦስት ሰዓት ገፍተነዋል። መጨረሻ ላይ ያወጡን የገበሬ በሬዎች ናቸው። ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት ሂዱ፤ ምንጭ ነውና በበጋ አይደርቅም።

ከማን ጋር ነው የምትሄዱት?

ይህ ጥያቄ ከወሩ ቀጥሎ ይመጣል። ልጆችና አዛውንት ካላችሁ ዘንገና ይቀላል፤ እግር አይፈጅም፣ አስፋልት ዳር ነው። ግን ገደሉ ቀጥ ያለ ስለሆነ ልጅ እጅ ይያዝ። ዘጌ ለአዛውንት መካከለኛ ነው፤ በጀልባ ኡራ አጠገብ ወርዶ ቀስ እያሉ መውጣት ይቻላል። ጮቄ ለወጣት ነው።

ሴቶች ካላችሁ የጣናን ገዳማት ለይታችሁ እወቁ። ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ሴት አይገባባቸውም። እኔ ክብራንን የማውቀው ከጀልባ ላይ ነው፤ ወንድሞቼ ገብተው ሲወጡ ዳር ላይ ተቀምጬ ብርቱካን ልጫለሁ። የዘጌዎቹ፣ ደብረ ማርያምና እንጦስ ኢየሱስ ግን ለሁሉም ክፍት ናቸው። የባለጀልባው ፓኬጅ ውስጥ ክብራን ካለ «እኔ ለምን እከፍላለሁ?» ማለት መብታችሁ ነው። ነጠላ ያዙ፤ ጫማ የሚወልቅ ይሁን።

ሆዳችሁንም አስቡ። ጎጃም ጾም ያከብራል። በፍልሰታ፣ በነቢያት ጾም (ከኅዳር 15 ጀምሮ) ወይም በዐቢይ ጾም ከመጣችሁ ከዋና ከተሞች ውጭ ሥጋና ወተት አትጠብቁ። ሽሮው ግን ያስረሳችኋል። ዓሣ ጾም ነው ወይስ ፍስክ የሚለውን ክርክር ከቄሱ ጋር አትጀምሩ፤ ባሕር ዳር ቁጭ ብላችሁ ቀረሶ ጥብስ ስትበሉ ተከራከሩ። ማር የሚገዛ ሰው ኅዳርን ይምረጥ፤ የአደይና የኑግ አበባ ማር ያኔ ይቆረጣል።

እንግዲህ ፈቃዳችሁ ከየት እስከ የት ነው?

መስከረም ከሆነ ጢስ ዓባይና ዘንገና። ዘጌ ገና ያንሸራትታል።

ጥቅምት ከሆነ ሁሉም ክፍት ነው። እኔ ብሆን ጮቄን እመርጣለሁ፤ ሌሎቹ ይጠብቃሉ፣ ጮቄ አይጠብቅም። ኅዳር የዘጌ ነው፤ በዚህ አልደራደርም። ከታኅሣሥ እስከ የካቲት የጣና ወፎችና ሰከላ፣ ጥር 23 ላይ ከደረሳችሁ እንጅባራ። ጥር የሠርግም የጥምቀትም ወር ስለሆነ ባሕር ዳር ላይ አልጋ ይወደዳል፤ ይህንን ሒሳብ ውስጥ አስገቡ። መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ሌላ ምርጫ ካላችሁ ሌላ ወር ምረጡ። ከሌላችሁ ዘንገና። ክረምት ላይም ዘንገና፤ ከገሳ ጋር።

ሦስት ቀን ብቻ ላለው ሰው ሁለት ቦታ ይበቃዋል። ዘጌን፣ ጢስ ዓባይን፣ ዘንገናንና ግሽ ዓባይን በሦስት ቀን የሚጠቀልል ጉዞ በማስታወቂያ አይቻለሁ። ያ መኪና ማየት ነው፤ ከባሕር ዳር እንጅባራ ብቻ ወደ 120 ኪሎ ሜትር ነው። ሁለተኛው ቀን ላይ ሁሉም ሰው መስኮት ላይ ተደግፎ ይተኛል።

ከአዲስ አበባ በመኪና የምትመጡ ከሆነ ሁለት መንገድ አለ። ደጀን ላይ ይለያያሉ። በሞጣ የሚሄደው አጭር ነው። በደብረ ማርቆስ የሚሄደው ይረዝማል፤ ግን ዘንገና ያለው እሱ ላይ ነው። ስለዚህ ባንዱ ሄዳችሁ በሌላው ተመለሱ። በክረምት የዓባይ በረሃ ቁልቁለት ላይ መሬቱ ይንሸራተታል፤ ከጎሐ ጽዮን እስከ ደጀን በቀን ብቻ ተጓዙ።

የጸጥታው ነገርም አለ። የክልሉ ሁኔታ ከሳምንት ሳምንት ሲለዋወጥ ቆይቷል። ዛሬ ክፍት የሆነ መንገድ ነገ ሊዘጋ ይችላል። ከመነሣታችሁ በፊት በዋዜማው እዚያው ያለ ሰው ደውላችሁ ጠይቁ። አዲስ አበባ ያለውን ሳይሆን የእንጅባራውን፣ የደብረ ማርቆሱን። መናኸሪያ ያሉ ሾፌሮች ከማንም በላይ ያውቃሉ። «አይሆንም» ካሉ አይሆንም፤ አትከራከሩ። ጥሬ ገንዘብም ያዙ፤ ኔትወርክ ሲጠፋ የሞባይል ክፍያ የለም።

ያ ሚያዝያ ላይ የመጣው ወዳጄ ዘንድሮም ደውሎ ነበር። «መስከረም 20 ፈቃድ ወጥቻለሁ» አለኝ፤ ወሩን ሳልጠይቀው። ጢስ ዓባይ ወሰድኩት። ስልኩን ለፎቶ ሲያወጣ ጢሱ መስታወቱን አረጠበው፤ በሸሚዙ ጠረገው፣ እንደገና ረጠበ። መጨረሻ ላይ ትቶት ኪሱ ከተተውና ጆሮዬ ላይ ጮኸ፦ «ይኼ ያኔ የት ነበር?»